ነፋስን የሚያመሰግን ሹፌር

ከሳንቲያጎ ወደ በረዶው ተራራ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ሚኒባስ የምንነዳ ሰዎች ሁሉ ነፋስን እንረግማለን። አይፈረድብንም። ነፋስ ከተነሳ ሰዉን ወደ ላይ የሚያወጡት የገመድ ወንበሮች ይቆማሉ፤ ወንበሮቹ ከቆሙ ተሳፋሪ የለም፤ ተሳፋሪ ከሌለ እቤት ቁጭ ነው። ሮሳሜል ኡዮአ ብቻ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ቆቡን አውልቆ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። «ይሄ ሰውዬ ለየለት!» እየተባለ ይሳቅበታል። እሱ እቴ፣ ግድም የለው።

ሮሳሜል ዕድሜውን ሙሉ ሰው ወደ በረዶ ሲያመላልስ የኖረ፣ እሱ ራሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ተንሸራቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ተሳፋሪዎቹን ያወርዳል፣ ወንበሩን ወደኋላ ለጠጥ ያደርጋል፣ ቆቡን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል። ልጁ ያስና ግን ያደገችው እዚያው በረዶ ላይ ነው። ትንሽ ሆና የሸርተቴ ጣውላ እግሯ ላይ ካሰረች በኋላ ማን ያስቁማት! «አባዬ፣ ና አብረን እንውረድ» ትለዋለች። «እኔ ፍሬን የሌለው ነገር ላይ አልወጣም» ይላታል። መልሱ ሁልጊዜ ይቺው ነበረች።

ያስና አድጋ የጣውላ አስተማሪ ሆነች። ባለፈው ክረምት ታዲያ ከበረዶ ስር የተደበቀ ድንጋይ አገኛትና እግሯ ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፤ ሐኪሙም «ድነሻል፣ ሂጂ ተንሸራተቺ» አላት። ምን ያደርጋል፣ አጥንቱ ቢገጥምም ልቧ አልገጠመም። ጣውላዋን አልጋ ስር ወርውራ ስሙንም ማንሳት ተወች። ሳቂታዋ ልጅ ምሳ ላይ እንኳ ድምጿ የማይሰማ ሆነች፤ ሮሳሜልም እያያት አንጀቱ ያርር ነበር።

አሠሪዎቿ እስከ ሰኞ ካልተመለሰች ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጡ ነገሯት። ያን ጊዜ አባቷን «ቅዳሜ ውሰደኝ» አለችው። «አንዴ እሞክራለሁ። ካቃተኝ ጣውላውን እሸጥና አክስቴ ሱቅ እገባለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ማንም እንዳያነሳብኝ!»

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሮሳሜል ተሳፋሪ ሳይጭን ልጁን ብቻ ይዞ ወጣ። መንገዱን ሳያጋምሱ ደመናው ተጠቀለለ፤ ላይ ሲደርሱማ በረዶ የተቀላቀለ ዝናብ ከነፋስ ጋር ፊት ይገርፋል። የገመድ ወንበሮቹ ባዶአቸውን ይወዛወዛሉ። የመሳፈሪያው በር ላይ «ዛሬ ዝግ ነው» ተብሎ ተለጥፏል።

ያስና በረጅሙ ተነፈሰች። «አየህ? እግዜርም አልፈለገውም። በቃ፣ እንመለስ።»

ሮሳሜልን ያስደነገጠው ዝናቡ አልነበረም። ልጁ ደስ ብሏታል፤ ሸክም እንደወረደለት ሰው ቀለል ብሏታል። ዛሬ ከተመለሱ ጣውላው አልቆለታል ማለት ነው።

መኪናውን አዙሮ ኬላው ጋ ሲደርስ ፖሊሱ እጁን ዘረጋ። «ጋሽ ሮሳሜል! ጠዋት መውጣት ብቻ፣ ከምሳ በኋላ መውረድ ብቻ። ይሄን ለእርስዎ ልንገር?»

መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሕጉ እንደዚያ ነው። ሮሳሜል ከማንም በላይ ያውቀው ነበር፤ ያን ቀን ግን ጨርሶ ረስቶታል።

«ጉድ ፈላ፣ ተቆለፈብን» አላት።

ኬላው አጠገብ ካለው የሚሬያ ምግብ ቤት ገቡ። ሚሬያ አሮጌ ጣውላም የምታከራይ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ዝናብ ሲጥል የኛ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው የዱባ ሊጥ እየጠበሰች ነበር። ሮሳሜል ትኩሱን ቂጣ እየገመጠ «እስቲ ትንሽ ደፈር በይ፤ ይሄን ያህል ምን ያስፈራል?» አላት ልጁን።

ያስና አፈጠጠችበት። «አንተ ነህ ስለ ፍርሃት የምትመክረኝ? ስንት ዓመት ለመንኩህ! አንድ ቀን ከመኪናህ ወርደህ ታውቃለህ?»

«እሰይ! ደግ አደረግሽ!» አለች ሚሬያ ከምድጃው ማዶ።

ሮሳሜል ቂጣውን አስቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና «ሚሬያ፣ አንዱን አሮጌ ጣውላ ስጪኝ» አለ።

«ኧረ በማርያም! መቃብርህን ማን ይቆፍራል በዚህ ዝናብ?»

ከቤቱ ጀርባ ልጆች በላስቲክ የሚንሸራተቱባት ዳገት አለች፤ ከስሯ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ገደል ነው። ሮሳሜል ዳገቷ አናት ላይ ጣውላውን እግሩ ላይ አሰረና ወዲያው በቂጡ ተቀመጠ። ተነሳ፣ ደግሞ ወደቀ። ያስና ሳትወድ ሳቀች።

«ጉልበትህን እጠፍ! እንደሱ አይደለም!»

«በአፍ ነው እንዴ መንዳት የሚለመደው? አሳዪኝ!»

ቆም ብላ አየችው። ከዚያ ሄዳ ጣውላዋን ከመኪናው አመጣች። «አቋቋሙን ብቻ ነው የማሳይህ። ንቅንቅ አልልም» ብላ አጠገቡ ሜዳው ላይ ጣውላዋን እግሯ ላይ አሰረች።

ሮሳሜል እሷን እያየ ጉልበቱን አጠፈ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ቀጥ ብሎ ቆመ። ይሄኔ ነፋሱ ከኋላው መጣ። ሰፊው የዝናብ ካፖርቱ ተነፋ፤ ሰውዬው ቁልቁል ተፈተለከ።

«ያስና! ፍሬኑ የት ነው?! ፍሬኑ!»

«ተቀመጥ አባዬ! ተቀመጥ!»

ማን ይስማት! አጥሩ ፊቱ መጣ። ሮሳሜል ዓይኑን ጨፍኖ እመቤታችንን ጠራ። ከዚያ አንድ እጅ ካፖርቱን ከኋላ ጨምድዶ ጎተተውና ሁለቱም አጥሩ ስር ከተከመረው በረዶ ውስጥ ተቀበሩ።

«ልጄ! እግርሽን! እግርሽ ደህና ነው?»

ያስና ከበረዶው ራሷን አውጥታ ዳገቱን ወደ ላይ ታያለች። የአባቷ ጣውላ ያሰመረው ጠማማ መስመር አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ሌላ ቀጥ ያለ መስመር አለ።

«አባዬ…» አለች። «ወረድኩ እኮ።»

አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ ምን ያፍራል! ሚሬያ ማንኪያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ «ሽንኩርት ነው» ትላለች እስከ ዛሬ። የዱባ ቂጣ ውስጥ የምን ሽንኩርት ነው?

መንገዱ ሲከፈት ፖሊሱ ፊሽካ ነፋ። ያስና ከዳገቷ ጫፍ ሆና «አንዴ ቆይ! አንዴ ብቻ!» እያለች ትጮሃለች። ጠዋት «እንመለስ» ያለችው ልጅ ናት እንግዲህ! ልብሷ ውኃ ሆኗል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ትስቃለች። ሮሳሜል አጥሩን ተደግፎ የታመመ ወገቡን እያሸ «ተመስገን» ይላል፤ «አምላኬ፣ ተመስገን።» በመጨረሻ የወረደው መኪና የእነሱ ነበር። ሰኞም ያስና ሥራዋ ላይ ተገኘች።

ያን ቅዳሜ ሲወርዱ መኪና ውስጥ ያስና ጠየቀችው። «እውነቱን ንገረኝ። ነፋሱ ባይገፋህ ትወርድ ነበር?»

«ፍሬን በሌለው ነገር? ሞቼ ነው!»

መታጠፊያው ላይ መኪናውን አቆመና ወረደ። ነፋሱ አሁንም አላረፈም። ሮሳሜል ቆቡን አውልቆ ወደ ተራራው ዞረ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ ጮክ ብሎ። ነፋሱ ቆቡን ከእጁ መንጭቆ ገደል ይዞት ሄደ።

«አባዬ፣ ቆብህ!»

«ይውሰደው» አለ ሮሳሜል። «ልጄን መልሶልኛል።»