በድሮው መንገድ የመጡ ሽማግሌዎች

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር ሽማግሌ የላክሁ ቀን ነው። እስከ ዛሬ ከአምቦ በሚመጣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ጉቴ ስቃረብ ብቻዬን እስቃለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ምን ነካው ብሎ ያየኛል።

ነቀምቴ በአባቴ ሱቅ ነው የምሠራው። ሌንሴን የማገባት አባቷ ከፈቀዱ ብቻ ነበር። ኦቦ ቶለራ ከአምቦ ሲመጡ ጉቴ ሳይደረስ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ቃላቸው አንድ ነው። ሽማግሌዎችህ ቅዳሜ ረፋድ ካልመጡ ሁለተኛ እንዳይመጡ ብለው ልከውብኛል።

እኔም አምቦ ያለውን አጎቴን፣ ጋሽ ወልዴን ላክሁ። መንገዱ ጠጠር ሳለ ከአምቦ በጌዶ፣ በባኮ፣ በሲሬ አድርጎ ነቀምቴ ድረስ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ክረምት ላይ ጭቃ ሲይዘው መንገድ ላይ ያድራል። አስፋልቱ ላይ አዲሱ ፌርማታ እጠብቅሃለሁ ስለው፣ ይህን መንገድ ለእኔ ልታሳየኝ ነው ብሎ ተቆጣኝ።

ቅዳሜ ፌርማታው ላይ ቆምኩ። አውቶቡስ መጣ፣ አለፈ። ሌላም መጣ፣ አለፈ። የአጎቴ ስልክ አይነሳም። ረፋዱ ሊያልፍ ሲል አስፋልቱ ዳር ወዲያ ወዲህ እል ጀመር።

ያኔ ሌንሴ ደወለች፤ ታንሾካሹካለች።

«አባዬ ሁለት ሽማግሌዎች በጓሮ በር ይዞ ገብቶ ጩምቦ እያበላቸው ነው። አንዱ ፎቶ ላይ ያሳየኸኝ አጎትህ መሰለኝ።»

ክው አልኩ! እኛ ዘንድ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ እሺ ሳይባል ውኃ እንኳ አይቀምስም። ጋሽ ወልዴ ግን በቅቤና በእርጎ የራሰ ቂጣ ይጎርሳል። አለቀልኝ ብዬ ባጃጅ ይዤ በረርኩ።

ለካ አጎቴ ጓደኛውን ይዞ የድሮው መንገድ የሚገነጠልበት ጋ ወርዷል። ያ መንገድ ኮረብታውን ይዞራል፤ ዛሬ የሚሄድበት ከብት ነው። ሹፌሮች ሞተር ያበርዱበት የነበረው ዋርካ ሥር ደክሟቸው ሲቀመጡ አንድ ገበሬ አገኟቸውና እቤት ካልገባችሁ አሉ። ሰውየው በወጣትነታቸው መኪና ከጭቃ ሲገፉ ከነበሩት አንዱ ኖረዋል። የትኛው ዳገት ማንን እንዳስለቀሰ፣ ጎርፍ የትኛውን ድልድይ እንደወሰደ ሲያወሩ ስም መጠያየቅ ተረሳ።

ሽማግሌ የላከ ልጅ ግቢ አይገባምና አጥሩ ጋ ቆምኩ። ኦቦ ቶለራ አዩኝ።

«ኮቱ፣ ግባ። ሽማግሌዎችህ እዚህ ናቸው» አሉኝ።

አጎቴ ይህን ሲሰማ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። የማን ቤት እንደገባ ያኔ ነው የገባው። ብድግ ብሎ ቆመ፤ ጓደኛውም ተከተለው። ሊለምን አፉን ሲከፍት ኦቦ ቶለራ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት።

«ዋርካው ሥር ሳያችሁ ነው ያወቅኋችሁ። ዛሬ ነጭ ጋቢ ለብሶ በዚያ መንገድ የሚመጣ ሌላ ማን አለ? ልጄን የምከለክል ብሆን ጩምቦ አቀርብላችሁ ነበር?»

ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። እኔ የምሆነውን አጥቼ የአጎቴን ጉልበት ሳምኩ።

ጋሽ ወልዴ መንገዱን ያገኘሁልህ እኔ ነኝ እያለ ዛሬም ይኩራራብኛል። ይኩራራ! እኔና ሌንሴም አባቷን ልንጠይቅ ስንሄድ ከአስፋልቱ ወርደን በዋርካው በኩል በእግራችን ነው የምንገባው።