ክኒኑን ከምስክርነቴ አላወጣም

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ለዚህ ቀን ሦስት ጊዜ ተመዝግቤ ሦስት ጊዜ ተሰርዣለሁ። ለምን መሰላችሁ? የፕሮግራም መሪያችን፣ የምወደው ወንድሜ፣ «እህት ብዙነሽ፣ ምስክርነትሽ ግሩም ነው፤ ግን ክኒኑን ብታወጪው ምን አለ? የጌታን ክብር ይሻማል» አለኝ። «እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልግ» አልኩት። ፈለገ። ያገኛት እህት ደግሞ ዛሬ ቀረች፤ ማይኩ እኔ እጅ ገባ። ክብር ለስሙ ይሁን! እስቲ አሁን ማን ይቀማኛል?

እህል በረንዳ የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ጤፍ ነጋዴ ነኝ። ምላሴ ከወንፊቴ ይበልጥ ይሠራ ነበር። ሰርገኛውን ጤፍ «ነጭ ማኛ ነው» ብዬ፣ ያውም በእግዚአብሔር ስም ምዬ እሸጥ ነበር። የተከራከረኝን ደንበኛ ዘር ማንዘሩን አንስቼ ነው የምሸኘው። አትሳቁ! ከእናንተም መሃል የገዛችሁኝ አላችሁ። ይቅር በሉኝ።

ከባለቤቴ ከደበበ ጋር ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም ሳይወለዱ ቀሩ። አማቴ «ሾተላይ ነው» አሉ፤ ጎረቤት «ዓይን ነው» አለ። ደበበ ምንም አላለም፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያመመኝ የእሱ ዝምታ ነው። ሦስተኛውን ሳረግዝ «ይሄንን ካጣሁ እኔም አልኖርም» ብዬ ነበር። የምሬን ነው፣ ወገኖቼ።

ታዲያ በዚያው ሰሞን አንድ ነገር ያዘኝ። ጤፍ ሲነፋ ወንፊቱ ላይ ጓል ይቀራል፤ ከአውድማ አብሮ የመጣ ደረቅ አፈር ነው። ሰው ሁሉ ይጥለዋል። እኔን ግን አንድ ቀን ሽታው ጠራኝ፤ ዝናብ መሬቱን ሲነካው የሚመጣው ዓይነት ሽታ። አንዷን አፌ ውስጥ ጣል አደረግሁ። በማግስቱ ሁለት። ቆይቶ የሽርጤን ኪስ እየሞላሁ ቤት ይዤ መግባት ጀመርኩ። ጆንያ ሙሉ ጤፍ ላይ የተቀመጠች ሴትዮ አፈር ትበላለች! ይሄ ለማን ይነገራል? ለደበበም አልነገርኩም፣ ለእናቴም አልነገርኩም።

ከዚያ አቅሜ ከዳኝ። ከሲኒማ ራስ እስከ ሱቄ ለመድረስ ሦስት ቦታ ቆሜ አርፋለሁ። ጥፍሬ እንደ ማንኪያ ጎደጎደ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የእርጉዝ ክትትል ሲስተሯ ወጣት ልጅ ናት፤ ደሜን አስመርምራ «እህቴ፣ ደምሽ በጣም ወርዷል። ብረት ጎድሎሻል። በዚሁ ከቀጠለ ለአንቺም ለልጁም ያሰጋል» አለችኝ።

«ብረት? ብረትማ ምናለሽ ተራ ተቆልሎ የለ እንዴ!» ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ምግብ ያልሆነ ነገር ያምርሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። አስቡት፣ በሩን ከፍታልኝ ነበር እኮ! እኔ ግን «ኧረ በእግዚአብሔር!» ብዬ ማልኩ። የለመደ አፍ ነዋ። የብረት ክኒን ሰጥታ ሸኘችኝ።

ክኒኑን ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳላጓድል ዋጥኩ። ደሜ ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከጆንያው ላይ ተደፋሁ። ያነሱኝ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ከአጠገቤ ምስር ይሸጣሉ፣ አማኝ ናቸው። «ልጄ፣ እስከ መቼ ብቻሽን ትሸከሚዋለሽ?» አሉኝ። ደግፈው እዚሁ ቤት አመጡኝ፤ በዚያው ሳምንት ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌሉያ! ሐሰተኛዋን ብዙነሽን፣ ተሳዳቢዋን ብዙነሽን፣ ሳይጸየፍ ተቀበላት! አሜን በሉ እንጂ!

አሁን ቅር የሚላችሁ ቦታ ላይ ደርሻለሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ቤት ውስጥ ጸሎት ነበረን። እንግዳ አገልጋይ መጥቶ እጁን ጫነብኝና «ክኒን ከያዝሽ ጌታን አልያዝሽም፤ ጣይው!» አለ። ሽንት ቤት ሄጄ ጣልኩት። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። አንዳንዶቻችሁ እዚያ ነበራችሁ።

ሦስት ሳምንት «ድኛለሁ» እያልኩ ዞርኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ሆዴ ውስጥ ልጄ መንፈራገጡን ቀነሰ። እኔ ደግሞ «እምነቴ ስላነሰ ነው» ብዬ ጾም ያዝኩ! አፈሩን ግን አልጾምኩም፣ ወገኖቼ። እንጀራ ትቼ አፈር በላሁ።

አንድ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ፣ ገበያተኛ ሳይመጣ፣ ጓል እንደጎረስኩ ልጸልይ ሞከርኩ። አቃተኝ። ተፋሁትና «ጌታ ሆይ፣ አፈር እበላለሁ» አልኩ። በቃ፣ ጸሎቴ ይቺው ናት። ከዚያ በፊት ስንት ረጅም ጸሎት ጸልያለሁ፤ ይቺን አንድ እውነት ግን ከእሱም ደብቄያት ነበር። ድምፅ ሰማሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ብቻ ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ጸና፦ «ለእኔ የነገርሽኝን ሄደሽ ለሲስተሯ ንገሪያት» የሚል።

ሄድኩ። «ሲስተር፣ ዋሽቼሻለሁ። አፈር እበላለሁ። ክኒኑንም ጥዬዋለሁ» አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ «ስንት እናት እንደምትበላ ብታውቂ! ብረት ሲያንስ እንዲህ ያለ አምሮት ይመጣል። ብረት ከሌለው ደም አየር መሸከም አይችልም፤ ልጅሽም የሚኖረው በዚሁ ደም ነው» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ ፊቷን ቋጠረች። «ቆይ፣ ሁለት ወር ውጠሽ ለምን አልሠራም? በምንድነው የምትውጪው?»

«በሻይ ነዋ!» አልኳት። እህል በረንዳ ማን ውሃ ይጠጣል? ቁርስ በሻይ፣ ምሳ በሻይ፣ ወሬ በሻይ፤ ክኒኑም በሻይ!

ግንባሯን ያዘች። «ሻይ እኮ ብረቱን ይይዘዋል፤ አብዛኛው ወደ ደምሽ ሳይገባ ነው የሚያልፈው። በውሃ ዋጪው። ብርቱካን ወይም ሎሚ ብታስከትዪበት ደግሞ ይበልጥ ይገባል። ሻይሽን ከሰዓታት በኋላ ጠጪ።» ላለፈው አፈር የትል መድኃኒት ጨመረችልኝ። እንደነገረችኝ አደረግሁ።

ቅዱሳን፣ ሽታው መጥራቱን ተወ! ጓሉን እንደ ሰው እጥለው ጀመር። ደሜ ከፍ አለ። ልጄ መራገጥ ጀመረች፤ በሰላምም ተወለደች። ጽናት አልናት። ያቻት፣ በሩ አጠገብ አባቷ ታቅፏታል። ደበበ ገና አላመነም፤ አትጎትጉቱት፣ ዛሬ እግሩ እዚህ ከረገጠ ይበቃኛል። ጌታ የተመሰገነ ይሁን!

እንግዲህ ጠይቁኝ፤ ማን አዳነሽ በሉኝ። ጌታ! በምን? በክኒን፣ በውሃ፣ በሎሚ! ደሜን የሠራው እሱ አይደለም እንዴ? ብረቱን ምስሩ ውስጥ፣ ጎመኑ ውስጥ፣ ሥጋው ውስጥ ያኖረው ማን ሆነና ነው የማፍረው? የጌታዬ ክብር አንዲት ክኒን አይታ የምትደነግጥ ትንሽ ክብር አይደለችም። ያ አገልጋይ ተመልሶ ቢመጣ ይጸልይልኝ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ አሜን እላለሁ። ክኒኔን ግን አልሰጠውም! ሽማግሌዎች ልትመክሩኝ ከፈለጋችሁ ምከሩኝ፤ ልጄን ታቅፌ ነው የምሰማችሁ።

አሁን አንዲት እህቴን ነው የማናግረው። እዚህ አለሽ። አፈር ይሆናል፣ ከሰል ይሆናል፣ አላውቅም። ቦርሳሽ ውስጥ አለ። ጸሎት ሳይጀመር ከንፈርሽን በነጠላሽ ጫፍ ጠርገሻል። ርኩስ መንፈስ ነው ይሉኛል ብለሽ ፈርተሻል። ጌታ አይጸየፍሽም። እመኚው፤ እውነቱን ለመናገር የሚያስችልሽን ያህል እመኚው፣ የቀረውን እሱ ያውቃል። እጅሽን አታውጪ፣ ወደ መድረክም አትምጪ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ታገኚኛለሽ። ስምሽን አልጠይቅሽም። ወረፋውን አብሬሽ እይዛለሁ።