አባቴ ያልነበረበት ጨዋታ

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ የናፍጣ ሽታ ከእርጥብ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ፣ አባዬ ከመስክ ተመልሶ ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ባለው ቤታችን በር ላይ ቦት ጫማውን ሲያወልቅ ይታየኛል። በደርግ ጊዜ የውሃ ጉድጓድ ለሚቆፍሩ ፈረንጆች ሾፌር ነበር። አለቃው ሚስተር ዶናል ፊቱ በፀሐይ ቶሎ የሚቀላ አየርላንዳዊ ሲሆን፣ ሁለቱ በላንድሮቨር ሲዳሞን ሲያካልሉ እየዋሉ፣ እሱ ከአባዬ አማርኛ፣ አባዬም ከእሱ ኳስ በእጅ የሚያዝበትን የራግቢ ጨዋታ ወሬ ይማሩ ነበር።

በክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አባዬ እራት ላይ የሚስተር ዶናልን ክፍለ ሀገር ቡድን ታሪክ ይተርክልን ነበር። «እንደኛው የደቡብ ሰዎች ናቸው» ይል ነበር። ከሁለቱ ከተሞቻቸው በአንደኛው የሚጫወቱት ሐኪሞችና ተማሪዎች፣ በሌላኛው የወደብ ወዛደሮች ነበሩና እርስ በርስ አይዋደዱም፤ ቀዩን ማሊያ ሲለብሱ ግን አንድ ይሆናሉ። ከዓለም ጫፍ የሚመጣ ጥቁር ለባሽ ቡድን አባቶቻቸውን አሸንፎ፣ ልጆቻቸውንም አሸንፎ፣ አንዴም ለጥቂት አምልጧቸው ሄዷል። እኔና ታናሽ ወንድሜ እንደ እንቁላል የሾለውን ኳስ በሐሳባችን እያንከባለልን ጉርሻችንን እንረሳ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ከአለታ ወንዶ ሲመለሱ መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ሰጠመችባቸው። የሚጎትት ሰው እየጠበቁ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ዜና ሲያዳምጡ ቀይ ለባሾቹ ጥቁር ለባሾቹን ማሸነፋቸውን ሰሙ። ሚስተር ዶናል ዘሎ ወርዶ ጭቃው ላይ እየጨፈረ አለቀሰ፤ አባዬም አብሮት ጨፈረ። ያን ቀን እስከ ወገቡ በጭቃ ተለውሶ፣ እየሳቀ ገብቶ ይህንኑ እንዳለ ነገረን።

በጋ ሲገባ ወሬው ተለወጠ። አመሻሹ ላይ ጎረቤቶች አጥራችን ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ሲሰበሰቡ፣ መጀመሪያ «ሰማን» ይል የነበረው አባዬ «አየን» ማለት ጀመረ፤ ከዚያም ሚስተር ዶናል አየርላንድ ይዞት እንደሄደ፣ ሜዳው ጢም ብሎ እሱ ከጎሉ ጀርባ እንደነበረ ማውራት ጀመረ። ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡት ነበር። የጸሎት ቤት ሰው የሆነችው እማዬ፣ ባሏን ሰው ፊት ማረም ነውር ሆኖባት፣ አቀርቅራ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር፤ እኔም ጆሮዬ እየጋለ ተከትያት እገባ ነበር።

በበልግ አንድ እሁድ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ አባዬን አስነሳው።

«ጓድ ማቴዎስ፣ አየርላንድ ሄጃለሁ ትላለህ አሉ። የመውጫ ቪዛ ማን ሰጠህ?»

በዚያን ጊዜ ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣት የሚያሳስር ነበር።

«አልሄድኩም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ይሄ ሁሉ ሰው ሰምቶሃል እኮ!»

«ዋሽቼ ነው» አለ አባዬ።

ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። አባዬም አብሯቸው ፈገግ አለ፤ ያ ፈገግታው ከሁሉም በላይ አሳፈረኝ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም፤ ነገሩ እስኪጣራ ብሎ ከቢሮው ጎን ያለው ክፍል ውስጥ አስቆለፈበት።

እማዬ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ እጄን ይዛ፣ ሚስተር ዶናል ቤት ሄደች። «የእርስዎን አገር ወሬ ሲያወራ ነው የታሰረው» ብላ አለቀሰች። እሱም ወዲያው ተነስቶ አብሮን ቀበሌ መጣ። ሕዝቡ ገና አልተበተነም ነበር።

«እሱ እዚያ አልነበረም» አለ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። «እኔም አልነበርኩም። ሁለታችን፣ መኪና፣ ጭቃ። በእኔ አገር ሁሉም ሰው ‹ነበርኩ› ይላል። ሜዳው ግን ትንሽ ነው።»

በዚህ ጊዜ ሊቀመንበሩ ራሱ ሳቀና አባዬን ፈታው። ወደ ቤት ተመልሰን በር ላይ ስንደርስ እማዬ «ልጆችህ በየት ይለፉ?» አለችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «አቶ ነበርኩ» ሆነ። ትምህርት ቤት «የነበርኩ ልጅ» ይሉኝ ነበርና መናኸሪያውን ዞሬ፣ ሰው በማያውቀኝ መንገድ እሄድ ነበር። አባዬም አግዳሚው ላይ መቀመጥ ተወ። ሚስተር ዶናል ሥራው አልቆ አገሩ ሲገባ አባዬ ሸኝቶት መጣና ስለዚያ ቡድን እስኪሞት ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ወንድሜ አንድ ክረምት «አባዬ፣ ያንን ንገረን» ቢለው፣ «ብላ» ብቻ ነበር ያለው።

ዛሬ በሐዋሳ ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ወጣቱ ሁሉ የእንግሊዝ ቡድን ማሊያ ለብሶ ኳስ ወደሚታይበት ቤት ይጎርፋል። ባለፈው የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር ድምፁ እስኪዘጋ እንደጮኸ እየነገረኝ «አሸነፍናቸው እኮ፣ እናቴ!» አለኝ። ያንን የእንግሊዝ ሜዳ በዓይኑ አላየውም፣ የሚያይበትም ቀን ላይመጣ ይችላል፤ ግን መቼ ሄድክ ብሎ የሚያስነሳው የለም፣ ማታም ከልጆቹ ጋር ቀና ብሎ እራቱን ይበላል። እንኳን ደስ አላችሁ ብዬው ወረድኩ።