የአራስ ቤት በር

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በር አይከፈትም ነበር። ባንዳ የሚያውቁትን ሰው ድምፅ አስመስሎ ያንኳኳል ይባላል። ወንድ የሌለበት ቤት ካጋጠመው በሬውንም እህሉንም ጠራርጎ ይሄዳል። ስለዚህ እናቴ፣ ማንም ቢያንኳኳ «አባየ ቤት ነው» እንድል አስጠንታኝ ነበር።

አባየ ግን ቤት አይገኝም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ጾም የማይገድፍ፣ ቅዳሴ የማያስታጉል ክርስቲያን ነበር። ገበጣ ነው የያዘው። ከወንዙ ዳር፣ ከሾላው ሥር፣ ማን እንደፈለፈለው የማይታወቅ ባለ ጉድጓድ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ተቀምጦ ጠጠር ሲያዘዋውር ይመሽበታል። ቤትህ ተቃጠለ ቢሉት እንኳ «ይችን ዙር ልጨርስ» የሚል ይመስለኛል። ያኔ ደግሞ እናቴ ታናሽ ወንድሜን ወልዳ አራስ ነበረች። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ከራስጌዋ ብረት አይለይም፣ ከቤቱም ሰው አይታጣም። አባየ እኔን እንደ ሰው ቆጥሮ ትቶን ይወርዳል።

የነፍስ አባታችን ቄስ ዘለቀ አንድ ማታ አራሷን ሊጠይቁ መጡና ከፍሙ አጠገብ ተቀመጡ። እናቴ ምን እንደነገረቻቸው አላውቅም፤ እሳቸውም ሰውን ፊት ለፊት መገሠጽ አይወዱም። ያን ማታ አባየ እንዳጋጣሚ ቤት ነበር። ጢሱ ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው፣ ዝግ ባለ ድምፅ ተረት ጀመሩ።

አንድ ሰው አራስ ሚስቱን ትቶ ገበጣ ወረደ አሉ። ሲመሽ ጓደኞቹ ተነሥተው ሄዱ፤ አንድ የማያውቀው እንግዳ ግን መጥቶ ከፊቱ ተቀመጠ። ተጫወቱ። ሰውየው ያሸንፋል፤ እንግዳው ምንም አይናገርም፤ ሰውየው የሚሰበስበው ጠጠር ሁሉ እንደ ሰው እጅ ይሞቃል። በመጨረሻ ቀና ቢል ከፊቱ ማንም የለም። ሮጦ ቤቱ ደረሰና አንኳኳ። «እኔ ነኝ፣ ክፈችልኝ» ቢላት፣ ሚስቱ «ባሌማ ከመሸ ጀምሮ አጠገቤ ተቀምጧል» አለችው። ከውስጥ ልጁን እሹሩሩ የሚል ድምፅ ሰማ። የገዛ ራሱ ድምፅ ነበር።

«ከዚያስ፣ አባ?» አልኋቸው።

«ከዚያማ ልጄ፣ ሰው ጥሎት የሄደውን ቦታ ሌላ ይቀመጥበታል» አሉ።

አባየ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። «ይኸ ለልጅ የሚነገር ነው፣ አባ?» አላቸው።

«ለልጅ ብየ መቼ ተናገርሁ?» አሉት።

አመል ክፉ ነው፤ በሳምንቱ አባየ ተመልሶ ወደ ድንጋዩ ወረደ። መሸ። ከወንዙ የተነሣ ጉም ግቢያችንን ሞላው፤ ውሻችን ሳይጮኽ ገብቶ ከአልጋው ሥር ተኛ። ሌላ ማታ የአባየን ድምፅ ለይታ የምትከፍትለት እናቴ ትኩሳት ይዟት ታቃስታለች። እኔ ወንድሜን ታቅፌ፣ እሷ ብትሞት ምን እሆናለሁ እያልሁ ፍሙን አያለሁ። ድንገት በሩ ተንኳኳ።

«ክፈቱልኝ» አለ የአባየ ድምፅ።

ባንዳው መጣ ብዬ ወንድሜን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። የተማርሁትን አልሁ፤ «አባየ ቤት ነው።»

ቆይቶ ከውጭ የሰው ጉልበት መሬት ሲመታ ሰማሁ፣ ጥርስም ሲንቀጫቀጭ። «በስመ አብ!» አለ ድምፁ። ከዚያም እንደ ሕፃን እያለቀሰ፣ «ልጄ፣ ማነው ከእናትሽ አጠገብ ያለው? ውጣ በይው! ቦታው የአባየ ነው በይው!» አለኝ።

እናቴ ከትኩሳቷ መሐል ነቃች። «ክፈችለት» አለችኝ በደከመ ድምፅ፤ «ባንዳ እንዲህ አያለቅስም።»

ከፈትሁለት። አባየ ገብቶ እኔንም እሷንም አላየ። በመጀመሪያ ሁልጊዜ የሚቀመጥበትን መደብ በሁለት እጁ ዳበሰ፤ አንዴ እጁን ሰብሰብ አደረገና እንደገና ዳበሰው። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጠው። እስኪነጋ የእናቴን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ሲያበርድ፣ ወንድሜን ሲያባብል አደረ። ጎሕ ሲቀድ ትኩሳቷ ለቀቃት። ከዚያ ወዲያ፣ ጣሊያን እስኪወጣም ከወጣም በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ይገባ ነበር። ጓደኞቹ «ሚስት አሰረችህ» ብለው ሲያፌዙበት «አዎ» ይላል።

አሁን እኔም የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ የቄስ ዘለቀን ተረት ሁሉ ረስቼ ይህ ብቻ ቀርቶልኛል። የቀረልኝ ግን ለማንም ያልተናገርሁት ነገር ስላለበት ነው። ያን ማታ «አባየ ቤት ነው» ከማለቴ በፊት፣ የምዋሽ መስሎኝ ወደ መደቡ ዘወር ብዬ አይቼ ነበር። በፍሙ ብርሃን፣ የአባየ ቦታ ባዶ አልነበረም።