እስከ አፉ የተሞላው ጀሪካን

ባለፈው እሁድ እዚህ ሚኒሶታ፣ ፕሊማውዝ ከተማ አንድ ወዳጃችን ቤት ምሳ ተጠርተን ነበር። ገና እጃችንን ታጥበን ከመቀመጣችን ልጄ አሸተት አሸተት አደረገችና በእንግሊዝኛ፣ “ቤንዚን ይሸታል” አለች። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት። የቤቱ እመቤት፣ “ሽንኩርቱ ትንሽ አርሮብኝ ነው” ብላ ሳቀች። ያረረ ሽንኩርት ቤንዚን ቤንዚን እንደማይሸት የማያውቅ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ቢሆንም ሁላችንም ሽንኩርቱን አመንንና መብላት ጀመርን።

እኔ ግን ከአንድ ጉርሻ አላለፍኩም። ሐሳቤ ወደ ጀማልና ወደ እናቱ ሄደ።

በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለት ሺዎቹ ገና አልተጋመሱም ነበር፤ እኔም የሃያዎቹን ዕድሜዬን አልጨረስኩም ነበር። ከጀማል ጋር ብሉሚንግተን ውስጥ አንድ አፓርታማ እንጋራ ነበር። እሱ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ እኔ እዚያው ኤርፖርት የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ሌሊት ሌሊት ትኬት እቀበላለሁ። ሰዎች ወጣትነታቸውን ሲያስታውሱ ፍቅር ወይም ዘፈን ትዝ ይላቸዋል ይባላል። ለእኔ ቀድሞ የሚመጣው ድካም ነው፦ ጫማ ሳያወልቁ ሶፋ ላይ መውደቅ፣ የቀዘቀዘ ፓስታ ቆሞ መብላት፣ ቀይ መብራት ላይ ማንቀላፋት።

የጀማል እናት እማማ ዘሀራ የልጃቸውን ልጆች ሊያሳድጉ ከደሴ መጥተው ሴይንት ፖል ትልቁ ልጃቸው ዘንድ ይኖሩ ነበር። ከመጡ ጀምሮ ከቤት፣ ከመስጊድና ከሱፐርማርኬት ሌላ ያዩት ነገር የለም። ይህ ጀማልን ይቆጠቁጠው ነበር። አንድ ቀን ከአንድ ተሳፋሪው ያረጀ ተጎታች ቤት ገዝቶ መጣ፦ ሁለት አልጋ፣ ምድጃ፣ በሲሊንደር ጋዝ፣ ከሥሩ በሚነድ እሳት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያለው፣ በመኪና የሚጎተት ጎጆ። “እማን ሰሜን ያለው ሐይቅ ዳር አሳድራታለሁ” አለ።

ጫካ ስለማደር ያለኝን አስተያየት ያን ጊዜም አልደበቅኩም። መብራት በሚጠፋበት አገር አድጎ፣ መብራት ወደማይጠፋበት አገር ተሰዶ፣ ከዚያ መብራት ወደሌለበት ጫካ ቤት መጎተት ምን ይባላል? በዚያ ላይ እማማ ዘሀራ ሲተኙ ትንፋሻቸው እየተቋረጠ ስለሚያስቸግራቸው አየር የሚገፋላቸው ማሽን ነበራቸው። ሐኪሙ ያለሱ አንድም ሌሊት እንዳይተኙ አስጠንቅቋል። ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ ጄኔሬተር፤ ጄኔሬተሩ ቤንዚን።

በሐምሌ አንድ ጠዋት፣ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ዓይኔን እያሸሁ፣ እማማ ዘሀራን ፊት አስቀምጠን ተጎታቹን በፒክአፕ መኪና እየጎተትን ማደያ ቆምን። ጀማል ባዶውን ጀሪካን ፒክአፑ ላይ እንዳለ ሊቀዳበት ሲል ጀሪካኑ ላይ የተለጠፈውን አነበብኩለት።

“መሬት አውርደህ ቅዳ ይላል። እስከ አፉም አትሙላው፤ ሲሞቅ ይነፋል ይላል።”

“አንተ ምሁሩ፣ የሻምፑ ጠርሙስም እኮ ታነባለህ።”

“አነባለሁ።”

መሬት ማውረዱን እሺ አለ። መሙላቱን ግን እምቢ አለ። “ጎደሎ አልይዝም። ጎደሎ የሚሰጥ ሌባ ነው።”

“የምትቀዳው ራስህ ነህ! ማንን ነው የምትጠረጥረው?”

“ፓምፑን” አለና እስከ አፉ ሞላው።

እንዲያው አልነበረም። ያደገው ኮምቦልቻ አጎቱ ሱቅ ውስጥ ላምባ በጠርሙስ እየቀዳ ነው። እዚያ ጠርሙሱ አፍ ድረስ ካልሞላ ደንበኛ ተሰደበ ማለት ነው። ከዚያ ሱቅ የወረሰው ሌላም ፍርሃት ነበረው፦ ላምባ ውስጥ ውሃ ከገባ ፋኖሱ እየተንጣጣ ይጠፋል፣ ሰውም ሱቁ ድረስ መጥቶ ይጮሃል። ስለዚህ ከከተማው እንደወጣን ዝናቡ ሲወርድ መኪናውን ዳር አቆመና ጀሪካኑን ወደ ተጎታቹ ቤት አስገባው፤ እንዳይወድቅም ከማቀዝቀዣው ጋር አስጠግቶ አሰረው።

“ዝግ ቦታ አይቀመጥም ይላል” አልኩት።

“ዝናብ ላይ ይቀመጣል ይላል?”

“ክዳን አለው እኮ!”

“እናቴ የምትተነፍስበትን ማሽን በክዳን አምኜ? ሞተሩ ሌሊት ቢጠፋ አንተ ትነፋላታለህ?”

እናቱን ከጠቀሰ በኋላ ከጀማል ጋር መከራከር አይቻልም። የኋላ ወንበር ላይ ተጋደምኩና እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ዝናቡ አባርቷል፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ከአስፋልቱ እንፋሎት ይነሣል፤ ግራና ቀኝ በቆሎ ብቻ ነው። ከጀማል ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

“እማማስ?”

“ጉልበቷን ሲያማት ከኋላ አስተኛኋት። አልጋ እያለ ለምን ትቀመጥ?”

“ጀሪካኑ ያለበት?”

“ክዳኑ ጥብቅ ነው አልኩህ። ደውልላትና ጠይቃት!”

ደወልኩ። “እማማ፣ እንዴት ነዎት?”

“አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ።”

“የሚሸትዎት ነገር አለ?”

“ኧረ ምንም። ቤቱ እንዴት ያምራል! ገና ሩቅ ነው እንዴ?”

“ትንሽ ይቀረናል።”

“በርቱ። አላህ ያድርሳችሁ።”

“ሰማህ?” አለኝ ጀማል፣ አሸናፊ ፊቱን በመስታወት እያሳየኝ።

መስማቱንስ ሰምቻለሁ። ነገር ግን እኚህ ሴት ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ሚኒሶታ ድረስ አውሮፕላን እየቀያየሩ ሲመጡ አንድ ጊዜ እንኳ “ደረስን ወይ?” እንዳላሉ ጀማል ራሱ ሲያወራልኝ ኖሯል። መንገድ የአላህ ነው፣ አይጠየቅም ባይ ናቸው። አሁን ግን ጠየቁ።

“አቁም” አልኩት።

“እናቴን ከእኔ በላይ ታውቃታለህ?”

“አቁም፣ ጀማል!”

እየተራገመ ዳር ያዘ። በሩን ስከፍት ሽታው በጥፊ መታኝ። ጀሪካኑ በሙቀቱ ሆዱ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ በክዳኑ ዙሪያ ቤንዚን ያነባል፤ ወለሉ ርሷል። እማማ ዘሀራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ በሻሻቸው አፍንጫቸውን ይዘው፣ በሌላው እጃቸው የሙስባሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ጎትተን አወጣናቸው። ሣሩ ላይ ደጋግሞ አስመለሳቸው።

ማቀዝቀዣው ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ይሄዳል። የማቀዝቀዣው እሳት ያለው ደግሞ ከታች፣ ከጀሪካኑ አጠገብ ነው፤ ጀማል ለያዝነው የፍየል ሥጋ ብሎ ጠዋት አቀጣጥሎታል። ከውጭ ዞሬ ሽፋኑን ከፍቼ አየሁ። እሳቱ ጠፍቷል። በኋላ ሥጋውን ብንነካው ለብ ብሎ ነበር፤ እሳቱ ከጠፋ ቆይቷል ማለት ነው። ሻጩ “እንደ አዲስ ይሠራል” ብሎ የማለበት ማቀዝቀዣ እንዳለው ቢሠራ ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር። ስለ ጥራት የሚሰብኩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ አሁንም ያን ብልሽት አመሰግናለሁ።

ጀማል ሣሩ ላይ ከእናቱ እግር ሥር ተቀመጠ።

“እማ፣ እየሸተተሽ ለምን ዝም አልሽ?”

ቀና ብለው አላዩትም። “ቤትህን አሳየኸኝ። ሸተተኝ ብል ታፍራለህ ብዬ ነው” አሉት።

ጀማል ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የሲሊንደሩን ጋዝ ዘጋን፤ መስኮቱን ሁሉ ከፈትን፤ ጀሪካኑ ጥላ ሥር እስኪበርድ ጠብቀን ፒክአፑ ላይ ቀጥ አድርገን አሰርነው። ከዚያ ተመለስን። እማማ ሐይቁን አላዩም። እማማ ዘሀራ ፊት ወንበር ላይ ሆነው መንገዱን ሙሉ የበቆሎውን ማማር ያወሩ ነበር። ልጃቸው እንዳያፍር።

እኛ ሰዎች ይሉኝታችንን እንወዳለን። ጨዋነት ነው፣ ለልጅ የሚወረስ ነው እንላለን። እኔ በየድግሱ በዚህ ተከራክሬ ስንት ሰው አስቀይሜያለሁ፤ ክርክሬም ሁልጊዜ በዚያ ተጎታች ቤት ይጀምራል። ሰው የደበቀው ሽታ ወለል ለወለል ሄዶ እሳት ይፈልጋል እላለሁ።

ባለፈው እሁድም ይህንኑ ልጀምር ስል የቤቱ አባወራ ከወንበሩ ተነሣና ወደ ምድር ቤት ወረደ። ቆይቶ ቀይ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወጣ፤ የሣር ማጨጃው ቤንዚን ነው፣ በጋዝ እሳት ከሚሠራው የውሃ ማሞቂያ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ውጭ አስቀምጦ ተመለሰ። ሚስቱ ወጥ ጨመረችልን።

ወደ ቤት ስንመለስ የምትነዳው ባለቤቴ ነበረች፤ ተኮሳትራለች። እኔ ወደ ኋላ ዞሬ ልጄን፣ “ደግ አደረግሽ። ሲሸትሽ ተናገሪ” አልኳት።

ትንሽ አሰበችና፣ ከእኔ ጋር ስታወራ በምትጠቀምበት ስብርባሪ አማርኛዋ፣ “አባዬ፣ ላንተ ግን አልሸተተህም?” አለች።

ገና ጫማዬን ሳወልቅ ሸቶኝ ነበር።

ወደ ፊት ዞርኩና ባለቤቴን፣ “ገና ሩቅ ነው እንዴ?” አልኳት።