በሾላው ላይ የተለሰነው ጭቃ

በ2015 ዓ.ም. በጋ ነው። ሶዶ ዳርቻ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር ባለው ጓሯችን አንድ ያረጀ ሾላ አለ። የባለቤቴ አያት ጌታን ከማወቃቸው በፊት ቅቤ ይቀቡት ነበር። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ጎረቤቴ ግንዱ ላይ ከፍ ብሎ ያለው ቀዳዳ በጭቃ ተለስኖ ስታይ፣ ወደ ቀድሞው አምልኮ የተመለስኩ መሰላት። ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነገረች።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ መጥረቢያ የያዘ ሰው አስከትለዋል። ባለቤቴ ለሥራ ወደ ተበላ ከተማ ወርዶ ነበር። ታላቁ ሽማግሌ ዛፉ ዛሬ እንደሚቆረጥ፣ እኔም ነገሩ እስኪጣራ ከነገው የጌታ እራት እንደምታቀብ በእርጋታ ነገሩኝ።

ጭቃውን የለሰነችው ወፍ ናት አልኳቸው። ጎመን ስቆርጥ ሁለቱን ወፎች በየቀኑ አያቸው ነበር። ትልቋ ጥቁር ወፍ እንቁላል ልትጥል ገብታ፣ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ትታ በሩን በላይዋ ደፍናለች። የሚመግባት ባሏ ነው። ዛፉ ከወደቀ ከነጫጩቷ ታልቃለች።

ባለመጥረቢያው ሳቀ። «የኔይቱ በሩን ብትዘጋማ፣ ጦሜን የማድረው እኔ ነኝ።»

ታላቁ ሽማግሌ አልሳቁም። «እህቴ፣ ወፍ ጭቃ ይለስናል?»

«አባቴ፣ ትንሽ ይቀመጡ። ይመጣል።»

አግዳሚ ወንበር አወጣሁላቸው። ወፉ ግን አልመጣም። ሰው ሲበዛ እንደሚፈራ አውቃለሁ። ፀሐይ ዘቀዘቀች። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ታያለች። ባለመጥረቢያው ተነሥቶ እጅጌውን ሰበሰበ።

ያኔ የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ ነፋስ ሸራ ሲመታ ይመስላል። ምንቃሩ ላይ ነጣ ያለ ትልቅ ቀንድ የደረበው ወፍ መጥቶ ግንዱ ላይ ተለጠፈ። ከጉሮሮው የሾላ ፍሬ አንድ በአንድ እያወጣ ወደ ስንጥቁ አቀበለ። ከውስጥ የምንቃር ጫፍ ብቅ እያለ ተቀበለው።

ወፉ ሲሄድ ታላቁ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ጌታ ይቅር ይበለን» አሉ። ባለመጥረቢያውን ይዘውት ወጡ፤ ከማዕዱም እንዳልቀር በሩ ላይ ነገሩኝ። ጌታን አመሰገንኩ።

በማግስቱ ጠዋት የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። አፍራ እንዳትቀር ሰግቼ ነበር። ነጠላዋን እስክትለብስ ደጅ ቆሜ ጠበቅኋትና ወደ ጌታ እራት አብረን ሄድን።