መብራት ጠፍቶ ያለቀው ፊልም

ከመካነ ሰላም በምወጣበት ዋዜማ ምሽቱን እንደ ሌላው ስደተኛ እናቴ አንገት ላይ ተጠምጥሜ ሳለቅስ ያመሸሁ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ቪዲዮ ቤት ነበርኩ። ሲነጋጋ የደሴ አውቶቡስ ይጠብቀኛል፣ እናቴ ስንቄን ቋጥራ ጨርሳ «ዛሬ እንኳ ቤትህ ብታመሽ ምን አለበት?» ትላለች፣ እኔ ደግሞ ጋሼ ሙሄ ጋ የክንፌ ፊልም ሊታይ ነው ብዬ ሹልክ አልኩ። ወላሂ፣ ዛሬም ቢሆን አልጸጸትም።

ጋሼ ሙሄን የማያውቅ ካለ ልንገረው። የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ከእናቴ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ሆነው ነው ያረጁት። ፊልሙን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው፣ ማይክ ይዘው፣ እዚያው በአማርኛ ይተረጉማሉ። እንግሊዝኛ ይችላሉ ወይ? ኧረ የት አውቀውት! ፈረንጁ «ኖ» ካለ እሳቸው «አባቴ ይሙት እንዲህ ያለ ነገር ከቤቴ አይወጣም፣ ደግሞስ እናቴን ሳላማክር ምን ብዬ ነው?» ይላሉ። ክንፌ የሚለውንም ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። የብረት ክንፍ ዘርግቶ የሚበር፣ ከተማ የሚያድን ጀግና ነው። ጠላቱ ፀሐይን በማሽን የሚሰርቅ ሳይንቲስት ሲሆን፣ ጋሼ ሙሄ «ፀሐይ ሌባው» ይሉታል። በእሳቸው ትርጉም ሁለቱ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው፤ የተጣሉትም በእርሻ ድንበር ነው።

በዚያ ምሽት ፀሐይ ሌባው ማሽኑን አስነስቶ ፀሐይቱን ሲመነትፋት ቤቱ ድርግም አለ። እኛ አጨበጨብን። ፊልሙ መስሎን እኮ ነው! ቆይቶ ነው መብራት መሄዱ የገባን። ሰው እያጉረመረመ ሊነሳ ሲል ጋሼ ሙሄ በጨለማው ውስጥ «ጀማው፣ አብሽሩ! ማንም እንዳይነሳ፣ ፊልሙ አላለቀም» አሉና ቀጠሉ። ማይክም የለ፣ ምስልም የለ።

ሽማግሌ ተላከ። ሼሁም መጡ፣ ቄሱም መጡ። ፀሐይ ሌባው ድንጋይ ተሸክሞ ክንፌ እግር ሥር ወደቀ። ክንፌ ክንፉን አጥፎ ተቀምጦ እምቢ አለ። ለመኑት፣ አሁንም እምቢ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ይቅር በለው እንጂ፣ አንተ ጨካኝ!» ብላ ጮኸች። ይሄኔ ክንፌ ተነስቶ ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት። ሁለት በግ ታረደ፣ አንዱ ለክርስቲያኑ፣ አንዱ ለእስላሙ፤ ፀሐይቱም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ጀማው «አሚን» ብሎ ረክቶ ወደየቤቱ ገባ።

ጠዋት አውቶቡሱ ሲነሳ እናቴ በመስኮቱ እጄን ይዛ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። «ሰው ያለበት ግባ። ሰው ካላገኘህ ወርቅ ቢያነጥፉልህም ተመለስ።» እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ይገዳል።

የመንገዱን ነገር ከእኔ በፊት የወጡት ነግረዋችኋል፤ ሱዳኑንም፣ በረሃውንም አልደግመውም። ሊቢያ ውስጥ በቆለፉብን መጋዘን ግን ክንፌን ስንቴ እንደተረክሁት አላህ ይቁጠረው። አንድ የከረን ሰው ነበር፣ ሁልጊዜ «ያቺን ድንጋዩን የሚያወርድለትን ድገምልኝ» ይለኛል። እደግምለታለሁ። ባሕሩን የተሻገርነው ሁላችንም አይደለንም፤ እሱ አልተሻገረም።

ጀርመን ገባሁ። የጥገኝነት ቃሌን በሰጠሁበት ቀን ከጠረጴዛው ወዲያ መነጽር ያደረገች ሴትዮ፣ ከጎኔ ደግሞ አስተርጓሚ ተቀምጧል። «ከአገርህ ለምን ወጣህ?» አለችኝ። ከመካነ ሰላም ተነስቼ፣ ደሴን አልፌ፣ መጋዘኑን፣ ባሕሩን፣ የከረኑን ሰው፣ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ምራቄ ደረቀ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገና ሁለት ቃል አላት።

«እንዴ ወንድሜ! ያን ሁሉ ያልኩት የት ገባ?»

«ፍሬ ነገሩን ነግሬያታለሁ» አለኝ።

ጋሼ ሙሄ ቢሆኑ ኖሮ ያቺ ሴትዮ መነጽሯን አውልቃ ተንሰቅስቃ፣ የመኖሪያ ወረቀቱን በዚያው ቀን በሰጠችኝ! ወረቀቱ የመጣው ከስንት ጥበቃ በኋላ ነው። እሱም ቢሆን እዚህ ያኖረኛል እንጂ ወደ አገሬ አያስኬደኝም።

ያከራየችኝ ፍራው ሂልዳ ትባላለች። ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው፣ ሄር ደግሞ አቶ። የቆሻሻ ማጠራቀሚያዋ ብዛት የጉድ ነው፤ የሻይ ቅጠሉ ለብቻ፣ የታሰረበት ክር ለብቻ። አንድ እሑድ በሬን አንኳኳች።

«ሄር እንድሪስ፣ ጎረቤት ሰምቶሃል።»

«ምን ስል?»

«ስትስቅ።»

«መሳቅ ክልክል ነው?»

«እሑድ ጮክ ብሎ ክልክል ነው። ደግሞ ብቻህን ነህ፤ ብቻውን የሚስቅ ሰው ያሳስባል።»

ከእናቴ ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር እኮ! ለዚህች ሴት ምን ብዬ ላስረዳት? ብርዱን ተዉት፤ የእኛ አገር ብርድ እንኳ ረፋድ ላይ ፀሐይ አስከትሎ ይመጣል፣ የእነዚህ ብቻውን መጥቶ ብቻውን ይከርማል። ዳቧቸው እንደ እንጀራችን ኮምጠጥ ይላል፣ ብቻ ጥርስ ይፈልጋል። ሁሉንም ቻልኩት። ያልቻልኩት ዝምታውን ነው። ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ፣ ማታ እገባለሁ፣ ከፍራው ሂልዳ በቀር ስሜን የሚጠራ ሰው የለም። እናቴ በደወልኩ ቁጥር «ሰው አገኘህ?» ትለኛለች። «ሞልቶ!» እላለሁ። ውሸቴን እንደሆነ ሆዷ ያውቀዋል፤ «ድምፅህ ብቻውን ነው» ትለኛለች።

እንዲህ ሆኜ ነው አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ የአንድ ሱቅ መስታወት ላይ ክንፌን ያየሁት። ክንፌን! ያገሬን ልጅ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ፣ ዘልዬ ገባሁ። በሥዕል የሚነበቡ የጀግና መጻሕፍት የሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ ኮሚክ ይሏቸዋል። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ወንበር ይደረደርና ፊልም ወዳዶች ይከራከራሉ። ባለሱቁ ዮርግ ነው፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ። ፀጉሯን ሰማያዊ የተቀባችው ሳቢነ ትባላለች፤ ያለ እሷ ክርክር አይጀመርም።

የዚያን ሰሞን የክንፌ ፊልም እንደ አዲስ ተሠርቶ ወጥቶ ነበር። ሪቡት ይሉታል። ሌላ ተዋናይ፣ ሌላ ከተማ፣ የበፊቱ ጭራሽ እንዳልተደረገ ተቆጥሮ ከሀ ይጀመራል። ዮርግ ደሙ ፈልቷል። «ኮሚኩ ላይ ክንፉን የሠራው ከአባቱ አሮጌ መኪና ብረት ነው! እነዚህ ከላቦራቶሪ አመጡት! ታሪኩን ገደሉት!» ይላል። ሳቢነ ደግሞ «የድሮው ፊልም ሁለት ወንዶች የሚጯጯሁበት ነው፤ አዲሱ ቢያንስ ጠላትየው ለምን እንደከፋ ይነግረናል» ትላለች። በሰርግ ማግስት እንደተጣሉ አማቾች ነው የሚነታረኩት፤ እኔ ግን ደስ አለኝ፣ ሰው ሲጨቃጨቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ!

አላስቻለኝም። በዚያችው በተሰባበረች ጀርመንኛዬ «የድሮውም ተናግሯል» አልኩ። «የተጣሉት በድንበር ነው። መጨረሻው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ሲታረቁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ማን ነው የታረቀው?» አለ ዮርግ።

«ሁለቱ ናቸዋ! ሽማግሌዎቹ መጥተው። በጉ ታርዶ።»

ዮርግ ቀስ ብሎ ተነሳ። ተቆጣ ብዬ ልወጣ ስል ወንበሩን ወደ እኔ ሳበው። «የትኛውን ቅጂ ነው ያየኸው?» አለኝ በሹክሹክታ። ለካ እነዚህ ሰዎች ፊልም ሲኒማ ከመግባቱ በፊት ተቆርጦ ስለሚቀር ነገር ዕድሜ ልካቸውን ያልማሉ! እኔ ማንም ያላየውን፣ የጠፋውን መጨረሻ ያየሁ መሰላቸው። የት እንዳየሁት ስነግራቸው ሳቢነ ስልኳ ላይ መካነ ሰላምን ፈልጋ አገኘች። በአንድ ምሽት የክብር እንግዳ ሆንኩ፤ ሻይ ይቀርብልኛል፣ ድንጋዩ ምን ያህል እንደነበረ፣ ክንፌ ስንቴ እምቢ እንዳለ እጠየቃለሁ። ስወጣ «ሐሙስ እንገናኝ፣ እንድሪስ» አሉኝ። በስሜ! መንገዱን በሙሉ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ ሄድኩ።

ቤት ገብቼ የድሮውን ፊልም ከኢንተርኔት አውጥቼ አየሁት። እዚህ አገርም ፊልም ሁሉ በጀርመንኛ ተተርጉሞ ነው የሚታየው፤ ምስኪን ተርጓሚዎቻቸው ግን ከራሳቸው አንዲት ቃል አይጨምሩም። መብራት የሄደበት ቦታ ደረሰ፣ አለፈ። ክንፌ ፀሐይ ሌባውን አንገቱን አንቆ ይዞት ወጣና ፀሐይ ውስጥ ወረወረው። ነደደ። አለቀ። ሼህ የለ፣ ቄስ የለ፣ በግ የለ።

«አይ ጋሼ ሙሄ!» ብዬ በሳቅ ፈነዳሁ፤ ጎረቤት ይስማ፣ የራሱ ጉዳይ። ሳቁ ሲበርድልኝ ግን ፈራሁ። እውነቱን ብነግራቸው ሐሙስን አጣለሁ። ከሐሙስ ሌላ ደግሞ ምንም የለኝም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ገና ሳልቀመጥ ዮርግ «ያሳየህ ሰው አሁንም አለ?» አለኝ።

«አለ።»

«እንደውልለት።»

መድኃኔዓለም ያውጣኝ አልኩ፣ እስላሙ ሰውዬ! ሌላ ምን ማድረግ ይቻላል? ደወልኩና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ አኖርኩት።

«እንድሪስ! አንተ ልጅ፣ አፊያ ነህ?» አሉ ጋሼ ሙሄ። ድምፃቸው ሱቁን ሞላው።

«አልሃምዱሊላህ። ጋሼ ሙሄ፣ ሰዎች አብረውኝ እየሰሙዎት ነው። የክንፌ ሲዲ፣ ያ ድንጋይ የተሸከመበት፣ አሁንም አለ ወይ ይላሉ።»

«የቱ? መብራት የሄደብን?» ሳቃቸውን ለቀቁት። «እሱን እኮ እኔ ነኝ የጨረስኩት! መጨረሻውን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው ያለቀው?»

«ፀሐይ ውስጥ ወርውሮ ገደለው።»

«አስተግፊሩላህ! የአክስቱን ልጅ? ሽማግሌ እንኳ ሳይላክ? ምን ዓይነት አረመኔዎች ናቸው? ንገራቸው እንጂ!»

«ምን ይላል?» አለ ዮርግ፣ ጢሙን ጨብጦ።

«ሰላም ይላችኋል» አልኩት። «ሲዲው ውሃ ገብቶበት ተበላሽቷል ይላል።»

ዮርግ ራሱን ይዞ አቃሰተ። ሳቢነ በተራዋ «ለምንድን ነው ሁለት በግ?» ብላ ጠየቀች፤ ይህንንስ በትክክል አደረስኩላት።

«እንዴ! በአንድ በግ ግማሹ ሰው ጾሙን ሊሄድ ነው? ሥጋው ለየብቻ መሆኑን አታውቅም? ይህቺ ልጅ የት ነው ያደገችው?» አሉ ጋሼ ሙሄ።

ስነግራት ሳቀች፤ ዮርግም እያዘነ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ቤቱ ሞቀ። ጋሼ ሙሄ ሳቁን ሰምተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እነዚህ ጓደኞችህ ናቸው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ስማኝ። እናትህ ዘይነባ ‹ልጄ ሰው የለውም› እያለች በየማታው እኔ ዘንድ መጥታ ትብሰከሰካለች። እንዲህ በልልኝ፦ ይህ ልጅ አደራ። ማዕዳችሁ ላይ ጥሩት። ድምፁ ከጠፋ በሩን አንኳኩለት። እናቱ እንቅልፍ አጥታለች በላቸው።»

ወደ ሁለቱ ዞርኩ። እየጠበቁኝ ነው። የዮርግን የአባት ስም አላውቀውም። የሳቢነን ቤት አላውቀውም። ከሱቁ ውጪ አንድ ቀን አብረን ቆመን አናውቅም። ጀርመንኛው እንደ ሌላ ጊዜ አልቸገረኝም፣ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ አፍሬ ነው የዋጥኩት።

«አዲሱን ፊልም ገና አላየሁትም ይላል» አልኳቸው።

«ሻደ» አለ ዮርግ። ያሳዝናል ማለት ነው።

ወደ ስልኩ ጎንበስ አልኩ። «ጋሼ ሙሄ፣ ‹አብሽሩ፤ እንድሪስ ወንድማችን ነው። እሑድ እሑድ እኛ ቤት ነው የሚበላው። ቢያመውም እኛ አለንለት፤ እናቱ ምንም ሐሳብ አይግባት› ይሉዎታል።»

 

«ሰውየው አንዲት ቃል ነው እኮ የተናገረው» አሉ ጋሼ ሙሄ ቀስ ብለው።

ስልኩን ከጠረጴዛው አንስቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

«አብሽር ልጄ። ለዘይነባ አንተ እንዳልከው ነው የምነግራት። ትንሽም እጨምርበታለሁ።»